የመምህር ሞገስ አሥራ ሁለት በሮች

መምህር ሞገስ ጋሻ አምባን አንድም ቀን ሳይረግጥ ስድስት ዓመት ሙሉ አስተማረው።

ነገሩ የጀመረው በስኳር ነው። መርሳ ከተማ ትምህርት ቤት በተመደበ በመጀመሪያው ሳምንት ከአንድ ሱቅ ሩብ ኪሎ ስኳር ገዛ። ስኳሩ የተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ ስለ አንድ ጥንታዊ ፍርስራሽ ያወራል፤ ከመርሳ ግራና ወደምትባል መንደር በሚወስደው ጥርጊያ መንገድ አጠገብ፣ ጋሻ አምባ በሚባል ተራራ ራስ ላይ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ የድንጋይ ከተማ አለ ይላል። ጽሑፉ «በሮቹም አሥራ ሁለት ሲሆኑ» ይልና እዚያው ላይ ተቀዷል። ሌላ ሰው ቢሆን ስኳሩን ቆርቆሮ ውስጥ ገልብጦ ወረቀቱን ይጥል ነበር። ሞገስ ግን የታሪክና የጂኦግራፊ መምህር ነውና የተቀደደውን ራሱ ቀጠለው።

በመጀመሪያው ዓመት በሮቹ ብቻ ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት እያንዳንዱ በር ስም ወጣለት። በሦስተኛው የዙፋን አዳራሽ ተጨመረ፤ በአራተኛው ንግሥቲቱ የምትታጠብበት ገንዳ። በአምስተኛው ዓመት አንድ ተማሪ ሲያዛጋ አየና ተናዶ የአንበሳ ቤት ሠራ። ይህን ሁሉ በቀይና በነጭ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ እየሣለ፣ «እዚያ በቆምኩ ጊዜ ነፋሱ ባርኔጣዬን ሊነጥቀኝ» እያለ ያስረዳል። ባርኔጣ እንኳ አልነበረውም። የነበረው ጃንጥላ ነው፤ እሱንም በበጋም በክረምትም ይዞት ይዞራል። ይባስ ብሎ ነገሩን ፈተና ላይ ያወጣዋል። የሰሜኑን በር ስም ያልጻፈ ተማሪ ሁለት ማርክ ይቀነስበታል።

ክፉ ሰው ግን አልነበረም፤ ይህ ይታወቅለት። ከውሸቱ አምስት ሳንቲም አላተረፈም። የሚወደው አርባ አንድ ልጅ አፉን ከፍቶ ሲያዳምጠው ማየት ነው። ሚስት የለው፣ መሬት የለው፣ ደመወዙ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ያለው ስሙ ብቻ ነበር። መርሳ ውስጥ ሲያልፍ ነጋዴው ከሱቁ ብድግ ይላል፤ ገበሬው ከበቅሎው ወርዶ እጅ ይነሳል፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊም የቃል ክርክር ሲገጥመው «እስቲ መምህር ሞገስን እንጠይቅ» ይላል።

በ1962 ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ከአውራጃው ዋና ከተማ ከወልድያ አንድ የትምህርት ኢንስፔክተር መጡና ስምንተኛ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰውየው ትምህርቱ ሲጀመር አንቀላፍተው ነበር፤ የአንበሳው ቤት ላይ ሲደረስ ነቁ። እንደነቁም በጣም ተደሰቱ። ይህን የመሰለ ታሪክ በአውራጃችን እያለ ልጆቹ በዓይናቸው ማየት አለባቸው አሉ፤ ጉብኝቱ እስከ ጥር ተደርጎ ሪፖርቱ ከነፎቶግራፉ እንዲላክላቸው አዘዙ። ርእሰ መምህሩ አቶ በላይ የሚባሉ፣ ዋና ሙያቸው «እሺ ጌታዬ» ማለት የሆነ ሰው ነበሩ። በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ አሉት።

ሞገስ ግን ጉድ ፈላብኝ አለ። ተራራው ላይ ወጥተው አንዱ ልጅ «መምህር፣ የሰሜኑ በር የቱ ነው?» ቢለው ወዴት ሊያሳይ ነው? ስድስት ዓመት የተገነባ ስም በአንድ ቀን ሊፈርስ ነው። ጉብኝቱ መሞት አለበት አለ ለራሱ።

ጉብኝት የሚሞተው እምቢ በማለት እንዳልሆነ በመንግሥት ሥራ የከረመ ሰው ያውቃል። ነገር የሚሞተው ምርጫ ሲበዛበት ነው። ሞገስም ሦስት ወረቀት አዘጋጀ፤ ሦስት ጉዞ፣ ሦስት ዋጋ። አንደኛው ሰባት ብር ነው፤ አውቶቡስ እስከ ተራራው እግር፣ ከዚያ አሥር በቅሎ በተራ፣ ለምሳ ሳርዲንና የፉርኖ ዳቦ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ፎቶግራፍ። ሁለተኛው ሦስት ብር ነው፤ ጉዞው በጭነት መኪና ከእህል ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ ምሳውም ዳቦ በሻይ። ሦስተኛው በነጻ ነው፤ በእግር፣ ስንቅ ከቤት። ሀብታሞቹ ልጄ በእግሩ አይሄድም ይላሉ፣ ድሆቹ ሰባት ብር ከየት አባታችን ይላሉ፣ መሀለኞቹ ከሁለቱም ይጣላሉ፣ ነገሩም ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል ብሎ አሰበ። ለክፉም ለደጉም ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ፈቃድ ጠየቀ። በዚያ ዓመት ተማሪ ሦስት ሆኖ ከቆመ መንግሥት ደስ አይለውም ነበርና ይከለክሉኛል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። መቶ አለቃው የማን መንግሥት ፍርስራሽ እንደሆነ ብቻ ጠየቁት። የድሮ መሆኑ ሲነገራቸው ፈረሙ።

የወላጆች ስብሰባ የተጠራው በገበያ ቀን ነው። ሞገስ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምርጫቸውን በወረቀት ጽፈው እንዲሰጡት ማድረግ ይችል ነበር። እሱ ግን ጠቡ እንዲጦፍለት ብሎ ሁሉም እየተነሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገር አለ። በዚያ አገር ደግሞ በሰው ፊት ተነስቶ መናገር ማለት መዋጮ ማለት ነው። ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያም ሆነ ለመስጊድ አጥር እገሌ ይህን ያህል ተብሎ ሲጠራ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ቀጥሎ የሚነሳው ሰው ከፊተኛው አንሶ ቢገኝ ለልጅ ልጁ የሚተርፍ ሐፍረት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው መርሳ ውስጥ የለም። ሞገስም ያውቃል፤ የዚያን ቀን ግን ተንኮሉ አእምሮውን ይዞበት ረሳው።

ይባስ ብሎ ከሁሉ ድሃ ነው ያለውን ሰው በመጀመሪያ አስነሳ። ሰውየው አያ ይስማው ነው፤ ጋሻ አምባ ግርጌ የሚያርስ ገበሬ። ልጁ አልታየች አክስቷ ቤት ተቀምጣ መርሳ ትማራለች፤ ከክፍሉ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ትወጣለች። ይስማው የተጣፈ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ተነሳ። ቀኝ እጁን አነሳ፤ ሌባ ጣቱ ከግማሽ ላይ ተቆርጧል። በዚያች ግማሽ ጣት ወደ መጀመሪያው ወረቀት ጠቁሞ፣

«ለአልታየች አንደኛው ይሁን» አለ።

ከሴቶቹ መሀል አንዷ እልል አለች። አለቀ ደቀቀ። ጨርቅ ነጋዴው ከአንድ ባላገር አንሶ ሦስት ብር ሊል ነው? የፍርድ ቤቱ ጸሐፊስ? አንደኛ፣ አንደኛ፣ አንደኛ ተባለ፤ አርባ አንዱም። ሦስተኛውን ወረቀት ቀና ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። ይስማው ሰባቱን ብር ያመጣው አንዲት የምትታለብ ፍየል ሸጦ እንደሆነ ሞገስ በኋላ ሰማ። በሰባት ብር ልጅቷ በአውቶቡስ የምትሄደው ወደ ገዛ ቤቷ ደጃፍ እንደሆነም የዚያን ጊዜ ተገለጠለት። ሊስቅ ፈለገ፤ አልሳቀም።

የመጨረሻ ተስፋው በሽታ ነበር። ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ወባ ይዞኛል ብሎ ጤና ጣቢያ ሄደ። ሕሙማኑን የሚያክመው ድሬሰር ልጁን በአንደኛው ጉዞ ያስመዘገበ ሰው ነው። ግንባሩን በእጁ ነካና በቅሎ ላይ ለመቀመጥ የሚበቃ ጤና አለህ ብሎ አሰናበተው።

በጥር ሁለተኛ ቅዳሜ አውቶቡሱ አርባ አንድ ተማሪ፣ ሁለት መምህር፣ አንድ ርእሰ መምህርና አንድ ሙሉ ካርቶን ሳርዲን ጭኖ እየዘፈነ ተነሳ። የተራራው እግር ሲደርስ የቆመው ይስማው ደጅ ነው። የአልታየች እናት ወጥታ ልጇን ከከተማ እንደመጣ እንግዳ ሳመቻት። በቅሎዎቹ ተዘጋጅተው ነበር፤ ለሞገስ የደረሰችው የይስማው በቅሎ ናት፤ ልጓሟን ይዞ የሚመራውም ራሱ ይስማው ነው።

ሽቅብ ሦስት ሰዓት ሙሉ ወጡ። ይስማው ብዙ አይናገርም፤ ግን በየመታጠፊያው ዞር እያለ አንድ ነገር ይጠይቃል። መጀመሪያ በሮቹ በየት በኩል እንደሆኑ ጠየቀ። ሲደረስ ይታያል አለው ሞገስ። ቀጥሎ የአንበሳው ቤት ከምሥራቅ ነው ከምዕራብ ብሎ ጠየቀ፤ አልታየች ነግራው ነበርና። ሞገስ ጃንጥላውን ዘርግቶ ፀሐዩ እንደበረታ አወራ። ሰውየው እያላገጠብኝ ነው ብሎ ጠረጠረ፤ ፊቱን ቢያየው ግን ልክ እንደሱ የጨነቀው ፊት ነው። ይስማው በምን እንደሚጨነቅ አልገባውም።

የተራራው ራስ ላይ ሲደርሱ ሜዳ ነበር፤ ለጥ ያለ ሣር የለበሰ ሜዳ። አሥራ አምስት የሚሆኑ ፍየሎች ይግጣሉ፣ አንዲት ጎጆ አለች፣ ሌላ ምንም የለም። በር የለም፣ ግድግዳ የለም፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የለም። አቶ በላይ ከወልድያ የተዋሱትን ካሜራ እንዳንጠለጠሉ ወዲያና ወዲህ ተመለከቱ። ተማሪዎቹ ደብተራቸውን አውጥተው ወደ ሞገስ ዞሩ።

ከጎጆዋ አንዲት አሮጊት ወጡ። እማማ ሲቲ ይባላሉ፤ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ከፍየሎቻቸው ጋር እዚያ ብቻቸውን ይኖራሉ። እንግዳውን ሁሉ ደኅና አረፈዳችሁ ካሉ በኋላ ምን እንደጠፋቸው ጠየቁ። አቶ በላይ ከተማውን ልናይ ነው የመጣነው አሏቸው።

«ሱብሃነላህ፣ እሱን ፍለጋ ነው ይህ ሁሉ ሰው?» አሉ እማማ ሲቲ። «እሱማ ወረደ እኮ።»

«ወዴት ወረደ?»

«መርሳ ነዋ። አሥራ ሁለት ዓመት ይሆነዋል። ተማሪ ቤት ይሠራ ተብሎ በየቤቱ ሃያ ሃያ ድንጋይ አምጡ ተባለ። የተጠረበው እዚህ ተደርድሮ እያለ ማን ሲጠርብ ይውላል? እስከ ጥርጊያው በጀርባ አወረዱት፣ ከዚያ በካሚዮን ወሰዱት።»

አንድ ልጅ አሥራ ሁለቱም በሮች ወርደው እንደሆነ ጠየቃቸው። አሮጊቷ ወገብ የሚደርስ አጥር እንደነበረ፣ በርም እንደነበረው፣ በሩን ግን ቆጥረው እንደማያውቁ ነገሩት። ፍየሎቼ በየት እንደሚገቡ ያውቁ ነበር አሉ። የዙፋን አዳራሽ ሲባሉ ምን እንደሆነ አልገባቸውም። አርባ አንድ ጥንድ ዓይን ሞገስ ላይ ተተከለ። የጸሐፊው ልጅ ፈገግ ማለት ጀምሯል።

ይህን ጊዜ ይስማው ልጓሙን ለቀቀና ወደ ፊት ወጣ። ስብሰባው ላይ እንዳደረገው ጋቢውን ከትከሻው አወረደ።

«ልጆች፣ መምህራችሁ ያስተማሯችሁ ሁሉ ነበረ» አለ። «በሮቹም ነበሩ፣ የንጉሡ አዳራሽም ነበረ፣ የአንበሳውም ቤት ነበረ። ያፈረስነው እኛ ነን። እማማ ረስተውት ነው። ጥፋቱ የኛ የባላገሮቹ ነው።»

የጸሐፊው ልጅ ፈገግታውን ከሞገስ ላይ አንስቶ ወደ ይስማው አዞረው። አንዱ ከኋላ «አይ ባላገር» አለ። አልታየች አንገቷን ደፋች፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። አቶ በላይ ብዕራቸውን አውጥተው በነዋሪዎቹ አለማወቅ ምክንያት ቅርሱ ጠፍቷል ብለው ለሪፖርቱ መጻፍ ጀመሩ፤ ወልድያ የሚወደውን ዓረፍተ ነገር ያውቃሉ።

እውነቱን ለመናገር ሞገስ ደስ አለው። ስሙ ተርፏል፤ የሚጠበቅበት ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝምታ ደግሞ ምንም ወጪ የለበትም፤ እንደ ሦስተኛው ወረቀት በነጻ ነው። ግን አንድ ነገር ከነከነው፤ ይስማውን ወደ በቅሎዋ ጥግ ወሰደና በቀስታ፣

«የአንበሳውን ቤት በዓይንዎ አይተውት ነበር?» አለው።

«አላየሁም» አለ ይስማው።

«ታዲያ ከተማው አለመኖሩን እያወቁ ምነው እስካሁን ሳይነግሩኝ? ፍየልዎን እስኪሸጡ?»

ይስማው ግማሽ ጣቱን በሌላው እጁ እያሻሸ መሬት መሬት አየ።

«ተሸክሜ ያወረድኩትስ እኔ ነኝ። ይህቺንም ጣት ያስቀረሁት በዚያው ነው። ግን እርስዎ አለ ሲሉ ጊዜ፣ እኔ የማላውቀው ሌላ ይኖር ይሆናል አልኩ። እርስዎ መጽሐፉን ያነበቡ ነዎት። እኔ የተሸከምኩት ሃያ ድንጋይ ነው።»

መጽሐፉ ስኳር የተጠቀለለበት ወረቀት ነው። ሞገስ በዚያች ደቂቃ ያፈረውን ያህል ከዚያ በፊት አፍሮ አያውቅም፤ ከዚያ በኋላም አላፈረም። ይህ ሰው የገዛ ጀርባውን ትቶ እሱን አመነ። አምኖም ፍየል ሸጠ፤ አሁን ደግሞ ልጁ ፊት ተዋረደለት። ሞገስ አልታየችን አየ። ጫማዋን ታያለች።

ጃንጥላውን አጠፈና ወደ ተማሪዎቹ ተመለሰ።

«ጻፉ» አለ። «እኔ ጋሻ አምባ ስመጣ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። የዙፋን አዳራሽ አልነበረም። ገንዳም አልነበረም። የአንበሳውን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ተማሪ ስላዛጋብኝ። አያ ይስማው ያላፈረሱትን ነው አፈረስን ያሏችሁ፤ እኔን ሊያድኑ።»

ልጆቹ ከልማድ የተነሳ አንድ በአንድ ጻፉት። ጽፈው ሲጨርሱ ምን እንደጻፉ ገባቸው። የተነሳውን ሳቅ ተመልሰው የገቡት እማማ ሲቲ ከጎጇቸው ሆነው ሰሙት፤ ፍየሎቹም ደንብረው እስከ ገደሉ አፋፍ ሄዱ። ሞገስ ሳቁ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ብዙ ጠበቀ።

ሳቁ ጋብ ሲል አልታየች እጇን አወጣች። ቀና ብላ ነበር።

«የሰሜኑን በር ስም ባለማወቄ ሁለት ማርክ ተቀንሶብኛል» አለች።

«ይመለስልሻል» አለ ሞገስ።

አቶ በላይ ግን ሊሞቱ ደረሱ። ለወልድያ ምን ሊጽፉ ነው? በመጨረሻ ተማሪዎቹን ከፍየሎቹ ጋር አሰልፈው ፎቶ አነሱ፣ ሳርዲኑ ተበላ፣ ሪፖርቱም ጉብኝቱ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል ብሎ ሄደ። ኢንስፔክተሩ በጣም መደሰታቸውን ገልጸው መለሱ፤ በፎቶው ውስጥ ከተማው የታያቸው ይመስላል። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሞገስ በቅሎዋ ላይ አልወጣም አለ። ይስማውም አልወጣም አለ። ሲከራከሩ አልታየች ወጣችባትና ሁለቱም በእግራቸው ከኋላዋ ወረዱ።

ሞገስ የፈራው ሁሉ ደረሰበት። ከሰኞ ጀምሮ መርሳ ውስጥ ስሙ «አሥራ ሁለት በር» ሆነ። ሱቅ ሲገባ የቱን በር ልክፈትልህ ይሉታል፤ ጸሐፊው ክርክር ሲገጥመው የሚጠይቀው ሌላ ሰው አገኘ። ሞገስ እንደዚህ ተጠርቶ በመኖር የሚሞት ሰው እንደሌለ ቀስ በቀስ ተረዳ፤ ተዛውሮ እስከሄደበት እስከ 1966 ዓመተ ምሕረት ድረስም ኖረበት።

በዚያው ሳምንት ግን አንድ ነገር አደረገ። በገበያ ቀን ይስማውን ከአህያ ተራው ድረስ ሄዶ ለመነውና ስምንተኛ ክፍል አስገባው። ይስማው በሕይወቱ ክፍል ውስጥ ገብቶ አያውቅም ነበር፤ እደጃፉ ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ሲል አልታየች ተው አለችው። ገብቶ ግድግዳውን ዙሪያውን ተመለከተ። ኖራ የተቀባ ነው። ሰሌዳው ሥር፣ ከወደ ጥጉ፣ ኖራው ከተላጠበት ቦታ ጎንበስ ብሎ በግማሽ ጣቱ አንዱን ድንጋይ ነካ። ድንጋዩ ባራት ማዕዘን ጥርት ብሎ የተጠረበ፣ ከግድግዳውም ትንሽ ወጣ ያለ ነበር። ሞገስ ስድስት ዓመት ሙሉ ቆሞ ሲያስተምር ጠመኔውን የሚያሳርፈው እሱ ላይ ነበር።

«ይቺ ናት የበላችኝ» አለ ይስማው። «ከታች ነበረች፣ በበሩ በስተቀኝ።»

ከዚያ ቀጥሎ ማን ከየት ወገን እንዳወረደ፣ አጥሩ ከወገቡ የት ላይ ይደርስ እንደነበረ፣ ድንጋዮቹ ያለ ጭቃ እንዴት እንደተገጣጠሙ፣ ሲያነሷቸው ከሥር ምን እንዳገኙ እየተንጎራደደ ተናገረ። አርባ አንዱም አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡታል። ጥቂት እንደሄደ ዞር ሲል ሞገስ ሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከጸሐፊው ልጅ ጎን ተጨናንቆ ተቀምጦ፣ ደብተር ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሲጽፍ አየው። ይስማው ደነገጠና ንግግሩን አቆመ።

«ቀስ ልበል እንዴ፣ መምህር?» አለው።

«ይበሉ» አለ ሞገስ ቀና ሳይል፤ «በሩ ጋ ነኝ፣ አልደረስኩም።»